ሠላሳ ስድስተኛው ቤት፤ ስለ አንድ የሆንግ ኮንግ ፊልም ተወዳጅነትና ስለ ታሪካዊ መሠረቱ

ጥበብ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍበትን ሥርዐት የሚመረምር ሰው በማናቸውም ሕዝብ ዘንድ ሁለት ጥያቄዎች ያጋጥሙታል። አንደኛው፥ ዕውቀቱ የሚገኘው በምን ዐይነት ድካም ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ ዕውቀቱ ከተገኘ በኋላ የማን ሀብት ይሆናል የሚለው ነው። እነዚህ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት በሊቃውንት ጉባኤና በመጻሕፍት ውስጥ ነው። በ1978 በሆንግ ኮንግ የወጣ አንድ ፊልም ግን ሁለቱንም አንሥቶ ለተራው የሲኒማ ተመልካች አቅርቧቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ «የሻዎሊን 36ኛው ቤት» ይባላል። አዘጋጁ ላው ካር ሊዮንግ፥ ደራሲው ኒ ኳንግ፥ ዋናው ተዋናይ ጎርደን ሊው ሲሆኑ፥ ያሠራው የሾ ወንድማማቾች ኩባንያ ነው። በቻይንኛው ርእስ ውስጥ የሚገኘው «ፋንግ» የተባለው ቃል ክፍል ወይም ቤት ማለት ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዜማ ቤት፥ ቅኔ ቤት፥ መጻሕፍት ቤት ሲባል ሕንጻው ብቻ ሳይሆን የትምህርቱ ደረጃ እንደሚታሰብ፥ በፊልሙም ቃሉ ሁለቱን ስለሚያመለክት እዚህ «ቤት» ተብሎ ተተርጕሟል።

ፊልሙ ላይ ላዩን ሲታይ የበቀል ታሪክ ነው፤ በዚያ ዘመን በሆንግ ኮንግ ከተሠሩት አያሌ ፊልሞችም በዚህ አይለይም። ነገር ግን ወደ ሁለት ሰዓት ከሚጠጋው ርዝመቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህሉ የሚያልፈው አንድ ሰው በገዳም ውስጥ ሲማር በማሳየት ነው። መሰሎቹ ሲረሱ ይህ ፊልም እስከ ዛሬ ድረስ የሚታየው በፍልሚያው ብዛት ሳይሆን በዚህ ትምህርት ምክንያት መሆኑን፥ ትምህርቱም በታሪክና በአዘጋጁ የትውልድ ሐረግ የተደገፈ መሆኑን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ነው።

፩. የታሪኩ አካሄድ

ታሪኩ የሚጀምረው ማንቹዎች ቻይናን ከያዙ በኋላ፥ በደቡቡ አገር በካንቶን አካባቢ ነው። ሊው ዩ ደ የተባለ የዓሣ ነጋዴ ልጅ በአንድ ትምህርት ቤት ይማራል። መምህሩ በመንግሥቱ ላይ በስውር ከተነሡት ሰዎች አንዱ ስለ ሆነ፥ ተማሪዎቹ መልእክት በማቀበል ይረዱታል። ምስጢሩ በታወቀ ጊዜ ቲየን ታ የተባለው ጄኔራል ወታደሮች ማኅበሩን ያጠፋሉ፤ የወጣቱም አባት ይገደላል። ሊው ዩ ደ ቈስሎ ያመልጥና በአትክልት ጭነት ውስጥ ተሸሽጎ ወደ ሻዎሊን ገዳም ይገባል። መነኮሳቱ ያስጠጉታል፤ ራሱን ተላጭቶ ሳን ተ የሚል የምንኵስና ስም ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ የመጣበትን የፍልሚያ ጥበብ ለመማር ሳይፈቀድለት አንድ ዓመት ያህል በተራ ሥራ ይቈያል።

ገዳሙ 35 የትምህርት ቤቶች አሉት። ሳን ተ ለመማር በተፈቀደለት ጊዜ ከሁሉ በላይ የሆነውን ቤት ይመርጣል። እዚያ ሲደርስ ግን ሰይፍም ጦርም አያገኝም፤ አረጋውያን መነኮሳት ተቀምጠው ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲያነበንቡ ያያል። ገና ከመቅረቡ ከነርሱ የሚወጣው ኀይል ብቻ ገፍትሮ ይጥለዋል። ስለዚህ አፍሮ ይመለስና ከሁሉ ዝቅ ካለው ቤት ይጀምራል።

ከዚህ በኋላ ደረጃው አንድ በአንድ ይታያል። በመጀመሪያው ቤት ወደ ምግብ አዳራሽ የሚወስደውን የውሃ ጕድጓድ፥ በላዩ ተንሳፍፎ ያለውን የእንጨት እስር ረግጦ መሻገር ያስፈልጋል፤ የወደቀ ሰው ርሶ ይወጣል፥ ከማዕድም ይቀራል። በሌላው ቤት ሁለት እጅን ወደ ጎን ዘርግቶ በባልዲ ውሃ ተሸክሞ ሽቅብ መውጣት አለ፤ በክንዶቹ ላይ ስለት ስለሚታሰር፥ ደክሞት እጁን ዝቅ ያደረገ ተማሪ የገዛ ጎኑን ይወጋል። በሌላው፥ በረጅም ዘንግ ጫፍ የታሰረ ከባድ መዶሻ በእጅ አንጓ ኀይል ብቻ እየተነሣ ደወል ይደወላል። ዐይን በሚሠለጥንበት ቤት ደግሞ ከሁለት ጕንጮቹ አጠገብ የሚነድ ዕጣን ቆሞለት፥ ራሱን ሳያንቀሳቅስ በዐይኑ ብቻ የሚወዛወዘውን ብርሃን ይከተላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የመሣሪያ ትምህርት የሚመጣው።

ሳን ተ ሠላሳ አምስቱን ቤቶች ከጨረሰ በኋላ አበ ምኔቱ ከቤቶቹ ለአንዱ አለቃ ሊያደርገው ያስባል። ከገዳሙ ሹማምንት አንዱ፥ ሥርዐት አስከባሪው መነኩሴ፥ ይቃወመዋል፤ በሁለት አጫጭር ሰይፎችም ይገጥመዋል። ሳን ተ ደጋግሞ ይሸነፋል። በመጨረሻ በቀርከሃ ጫካ ውስጥ ሆኖ በሦስት የተከፈለና በሰንሰለት የተያያዘ በትር ይፈጥራል፤ በዚህም ያሸንፋል። ከዚያም የሚወደውን ቤት ይምረጥ ሲባል በገዳሙ ያልነበረውን ይጠይቃል፤ ይኸውም 36ኛ ቤት ተከፍቶ ተራው ሕዝብ፥ ምእመኑ፥ የገዳሙን ጥበብ እንዲማርበት ነው። ጥያቄው ከገዳሙ ሥርዐት ውጪ ስለ ሆነ በቅጣት መልክ ወደ ዓለም ይሰደዳል። እርሱ ግን ስደቱን ለሐሳቡ መፈጸሚያ ያደርገዋል። ከሠራተኛው ሕዝብ መካከል ደቀ መዛሙርት ይሰበስባል፤ ጄኔራሉን ይገድላል፤ ተመልሶም 36ኛውን ቤት ይከፍታል።

፪. «ኩንግ ፉ» የሚለው ቃልና የድካም ትርጕም

የውጪ አገር ሰው «ኩንግ ፉ» ሲባል በእጅና በእግር መማታትን ብቻ ያስባል። በቻይንኛ ግን የቃሉ መሠረታዊ ትርጕም ጊዜና ጕልበት ፈሶበት የተገኘ ችሎታ ነው። ጥሩ ወጥ ሠሪም፥ ጥሩ ጽሕፈት ጸሓፊም ኩንግ ፉ አለው ሊባል ይችላል። ፊልሙ ለዚህ ለጥንታዊው ትርጕም የቀረበ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው፥ ሳን ተ በመጀመሪያዎቹ ቤቶች የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ የፍልሚያ ሥራ አለመሆኑ ነው። ውሃ መቅዳት፥ ደወል መደወል፥ ወደ ምግብ አዳራሽ መሻገር በማንኛውም ገዳም በየቀኑ የሚደረጉ ተግባሮች ናቸው። አዘጋጁ እነዚህን ተግባሮች ጥቂት በጥቂት እያከበደ ወደ ትምህርት ይለውጣቸዋል። ተመልካቹም ቀኑን ሙሉ ሸክም ሲሸከም ወይም በፋብሪካ አንድ ዐይነት እንቅስቃሴ ሲደጋግም የዋለ ሰው ከሆነ፥ የራሱን ድካም በመጋረጃው ላይ ያያል። ልዩነቱ የራሱ ድካም ለሌላ ሰው ትርፍ ሲሆን የሳን ተ ድካም ግን በገዛ ሰውነቱ ውስጥ መከማቸቱ ነው። ለፊልሙ መወደድ ዋናው ምክንያት እዚህ ላይ ይመስላል።

ሌላው ምክንያት፥ ሳን ተ በተፈጥሮው የተለየ ኀይል የሌለው መሆኑ ነው። ይወድቃል፤ ይርሳል፤ ሳይበላ ያድራል፤ ጎኑ ይቈስላል። መምህራኑም መፍትሔውን አይነግሩትም። በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን እንጨት እንዴት እንደሚረግጥ ያወቀው ራሱ ደጋግሞ በመሞከር ነው። በዚህ ረገድ ፊልሙ ከልዩ ጀግና ታሪክ ይልቅ የትምህርት ታሪክን ይመስላል። የትምህርቱም ቅደም ተከተል እንዲሁ የተደረገ አይደለም። ከፍተኛው ቤት የንባብና የጸሎት ቤት መሆኑ፥ የሥጋ ጥበብ ለመንፈስ ጥበብ መሰላል ነው የሚለውን የቡድሀ መነኮሳት አስተሳሰብ ያሳያል።

፫. ሻዎሊን በታሪክና በአፈ ታሪክ

ሻዎሊን በሰሜን ቻይና፥ በሄናን ክፍለ ሀገር በሶንግ ተራራ ላይ የሚገኝ ገዳም ነው። የተመሠረተውም በ495 ነው። መነኮሳቱ ከጦርነት ጋራ የነበራቸው ግንኙነት በድንጋይ ተጽፎ ይገኛል። በ621 አሥራ ሦስት የገዳሙ መነኮሳት የታንግ ሥርወ መንግሥት ልዑል ሊ ሺሚን ከባላጋራው ጋራ ባደረገው ጦርነት እንደ ረዱት፥ በ728 የቆመው ሐውልት ይመሰክራል። በ16ኛው መቶ ዘመንም መነኮሳቱ በባሕር ጠረፍ ሽፍቶች ላይ ዘምተዋል። ስለዚህ የሻዎሊን የተዋጊነት ስም ከንቱ ተረት አይደለም።

ስለ ደቡቡ ሻዎሊን የሚነገረው ግን ሌላ ነው። በ1644 ማንቹዎች ፔኪንግን ያዙ፤ በ1645ም ወንዶች ሁሉ ግንባራቸውን ተላጭተው ከኋላ ጠጕራቸውን እንዲጐነጕኑ አዘዙ። ይህ ትእዛዝ ለቻይናውያን ከባድ ውርደት ሆነባቸው። በ18ኛው መቶ ዘመን በፉጂያን ክፍለ ሀገር «የሰማይና የምድር ማኅበር» የተባለ የስውር ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ባሰራጨው የመነሻ ታሪክ፥ የሻዎሊን መነኮሳት ንጉሠ ነገሥቱን በጦርነት ከረዱ በኋላ እንደ ተከዱ፥ ገዳማቸውም እንደ ተቃጠለ፥ ያመለጡት አምስት ሰዎችም ማኅበሩን እንደ መሠረቱ ይተርካል። ይህ ታሪክ የማኅበረተኞች መሐላ መሠረት እንጂ የዜና መዋዕል ጽሑፍ አይደለም። ሆኖም በደቡብ ቻይና ብዙ የፍልሚያ ጥበብ ወገኖች የዘር ሐረጋቸውን የሚቈጥሩት ከዚህ ከተቃጠለው ገዳም ነው።

ሳን ተ የተባለው መነኩሴም ከዚሁ ከአፈ ታሪኩ ዓለም የወጣ ነው። ስሙ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በታተመ ልብ ወለድ ውስጥ ይገኛል። በዚያ መጽሐፍ ድሉ የንጉሠ ነገሥቱ ወገን ነበር፤ ሻዎሊኖች ተሸናፊዎች ነበሩ። በ20ኛው መቶ ዘመን የተነሡ የካንቶን ልብ ወለድ ጸሓፊዎች ግን ታሪኩን ገለበጡት፤ ፍቅሩን ለተሸነፉት ሰጡ። የ1978ቱ ፊልም የዚህ ለውጥ ወራሽ ነው። ከዚህ የምንረዳው አፈ ታሪክ አንድ ጊዜ ተፈጥሮ የሚቀር ነገር አለመሆኑን ነው። የመንግሥት ወገን የጻፈውን ሕዝብ ይቀበለዋል፤ ከተቀበለው በኋላ ግን እንደ ራሱ ዐሳብ ያቀናዋል።

ፊልሙ የሚያነሣው ክርክር፥ ማለት ጥበቡን ለሕዝብ መክፈት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው፥ በታሪክም መሠረት አለው። በ1720ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የማንቹው ንጉሠ ነገሥት ዮንግዤንግ የፍልሚያ ጥበብ መምህራን ሕዝቡን እንዳያስተምሩ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ የሥርዐት አስከባሪው መነኩሴ ሥጋት ከክፋት ብቻ የመጣ ነው ለማለት አይቻልም። ምስጢሩ ወደ ውጪ የወጣ ገዳም የመንግሥት ቍጣ ሊወርድበት ይችላል። ፊልሙም ይህን መነኩሴ እንደ ጠላት አያሳየውም፤ ሳን ተ አዲሱን መሣሪያ የፈጠረው በእርሱ ተቃውሞ ምክንያት ነውና።

፬. የአዘጋጁ የትምህርት ሐረግ

ይህን ፊልም ከሌሎቹ የሚለየው ትልቅ ነገር አዘጋጁ ራሱ የሚያሳየው ጥበብ ወራሽ መሆኑ ነው። ላው ካር ሊዮንግ በካንቶን ተወልዶ ጥበቡን የተማረው ከአባቱ ከላው ቻም ነው። ላው ቻም የላም ሳይ ዊንግ ደቀ መዝሙር ነበር፤ ላም ሳይ ዊንግ ደግሞ የዎንግ ፌይ ሁንግ። ዎንግ ፌይ ሁንግ በካንቶን የኖረ የፍልሚያ መምህርና ወጌሻ ሲሆን፥ በ1920ዎቹ ዓመታት ዐርፏል። ላም ሳይ ዊንግ ደግሞ ሥጋ ሻጭ ነበር። እንግዲህ ይህ ጥበብ በመኳንንት ቤት ሳይሆን በእጅ ሥራ አዳሪዎች መካከል የኖረ ነው።

ሐረጉ ጥበቡን ለውጪ ሰው መክፈት የጀመረው ከፊልሙ በፊት ነው። ላም ሳይ ዊንግ ከደቀ መዛሙርቱ ጋራ ሆኖ ቀድሞ በቃልና በልምምድ ብቻ ይተላለፍ የነበረውን ትምህርት በመጻሕፍት አሳተመ። ከነዚሁ ደቀ መዛሙርት አንዱ ቹ ዩ ጃይ የዎንግ ፌይ ሁንግን ታሪክ ጽፎ አሰራጨ። ከ1949 ጀምሮ ተዋናዩ ክዋን ታክ ሂንግ ዎንግ ፌይ ሁንግን ሆኖ ከ70 በላይ ፊልሞች ሠራ። ላው ቻም በነዚህ ፊልሞች ተካፋይ ነበር፤ የመምህሩን የላም ሳይ ዊንግን ገጸ ባሕርይም ተጫውቷል። ደቀ መዝሙር መምህሩን በሲኒማ መጋረጃ ላይ ሲወክል ማየት፥ የባህል ማስተላለፊያው መንገድ እንዴት እንደ ተለወጠ ያሳያል።

ላው ካር ሊዮንግ ከአባቱ ጋራ ወደ ሲኒማ ሥራ ገብቶ በሾ ወንድማማቾች ኩባንያ ለብዙ ዓመታት የፍልሚያ አቀናባሪ ሆኖ ሠራ፤ በተለይም ለአዘጋጁ ለቻንግ ቼ። የቻንግ ቼ ጀግኖች ደም እያፈሰሱ የሚሞቱ ናቸው። ላው ካር ሊዮንግ በ1975 የራሱን ፊልሞች ማዘጋጀት ከጀመረ በኋላ ግን ዐይኑን ከሞት ወደ ትምህርት መለሰ። በዚያው በ1978 ያወጣው አንድ ሌላ ፊልም ስለ ቻይናና ስለ ጃፓን የፍልሚያ ጥበብ ሲሆን፥ በውስጡ አንድም ሰው አይሞትም። ዋናው ተዋናይ ጎርደን ሊውም የላው ቻም ተማሪ ነበር፤ የላውን ቤተ ሰብ ስም የወሰደው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በመጋረጃው ላይ የሚታየው ሰውነት ለፊልሙ ተብሎ ለጥቂት ሳምንት የተለማመደ ሰውነት አይደለም።

በዚህ አኳኋን ሲታይ፥ ፊልሙ ስለ 36ኛው ቤት መናገር ብቻ ሳይሆን እርሱ ራሱ 36ኛው ቤት ይሆናል። ሳን ተ ከገዳም ወደ ሕዝብ ያወጣውን ነገር፥ ላው ካር ሊዮንግ ከመምህርና ከደቀ መዝሙር ምስጢር አውጥቶ ትኬት ለቈረጠ ሰው ሁሉ አቅርቦታል።

፭. ሆንግ ኮንግና ከሆንግ ኮንግ ውጪ

ሆንግ ኮንግ ከ1842 እስከ 1997 የእንግሊዝ ግዛት ነበረች። ከ1949 በኋላ ከቻይና የጐረፈው ስደተኛ ሕዝብ በጨርቃ ጨርቅና በፕላስቲክ ፋብሪካዎች ተሰማራ። ቻይንኛ ከእንግሊዝኛ ጋራ የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ የታወጀው በ1974 ነው። ለሕፃናት ሁሉ የዘጠኝ ዓመት ነጻና ግዴታ ያለበት ትምህርት የተደነገገው ደግሞ ፊልሙ በወጣበት በ1978 ነው። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን በባዕድ መንግሥት ሥር የሚኖር፥ ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት መግባት የጀመሩለት ሠራተኛ ሕዝብ፥ የተዘጋ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚያሳይ ታሪክ ለምን ልቡን እንደ ነካው ለማስተዋል አያስቸግርም።

ፊልሙን ያሠራው ኩባንያም በስደት ያደገ ነው። የሾ ቤተ ሰብ ሥራውን በ1925 በሻንጋይ ጀመረ፤ ከዚያም በሲንጋፖርና በማላያ ሲኒማ ቤቶች ከፈተ፤ በመጨረሻም ረን ረን ሾ በሆንግ ኮንግ ትልቅ የፊልም መሥሪያ መንደር አቋቋመ። ገበያው በደቡብ ምሥራቅ እስያ የተበተነው የቻይና ሕዝብ ነበር። ለዚህ ሕዝብ የተቃጠለ ገዳምና የተበተኑ ደቀ መዛሙርት ታሪክ ባዕድ አይሆንበትም።

ከ1973 ወዲህ፥ በተለይም ብሩስ ሊ በዚያው ዓመት ሐምሌ ከሞተ በኋላ፥ የሆንግ ኮንግ ፊልሞች በአሜሪካ ከተሞች ብዙ ተመልካች አገኙ። ከነዚህም መካከል ጥቍር አሜሪካውያን ወጣቶች ዋነኞቹ ነበሩ። «36ኛው ቤት» እዚያ የታየው «ማስተር ኪለር» በሚል ስም ነው። በ1993 ከኒው ዮርክ ከስታተን አይላንድ የወጣው ዉ ታንግ ክላን የተባለ የራፕ ቡድን የመጀመሪያውን አልበሙን በ36ቱ ቤቶች ስም ሰየመ፤ መኖሪያ ሰፈሩንም «ሻዎሊን» ብሎ ጠራ። እነዚህ ወጣቶች ማንቹንም ሚንግንም የሚያውቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። የወሰዱት የታሪኩን አጥንት ነው፤ ማለት ድኻ የሆነ ሰው በደረጃ፥ በድካምና በማኅበር የማይነጠቅ ችሎታ ሊያገኝ ይችላል የሚለውን። ይህም የፊልሙ ፍቅር በቻይና ብሔርተኝነት ላይ ብቻ የተመሠረተ አለመሆኑን ያስረዳል።

፮. ማጠቃለያ

ፊልሙ ጕድለት የለውም ማለት አይደለም። ሴቶች በውስጡ ቦታ የላቸውም ማለት ይቻላል። ለሕዝብ የተከፈተ በተባለው ቤት ውስጥ የሕዝቡ እኩሌታ አይታይም። ማንቹዎችም የሚታዩት እንደ ጨቋኝ ብቻ ነው፤ የአንድ ጄኔራል መሞት አገሪቱን ነጻ እንደማያወጣ ፊልሙ አይመረምርም። የማንቹ መንግሥት እስከ 1911 አብዮት ድረስ ቈይቷልና።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በሲኒማ ቤት የተቀመጠ ሰው የሳን ተን ድካም ያያል እንጂ አይደክምም። ባልዲውን አልተሸከመም፤ ስለቱም ጎኑን አልወጋውም። ጥበቡ ለሁሉ ሲከፈት ድካሙ ከቀረ፥ የተላለፈው ጥበቡ ነው ወይስ የጥበቡ ሥዕል ብቻ? ሥርዐት አስከባሪው መነኩሴ ዛሬ ቢጠየቅ፥ የፈራሁት ይህንኑ ነው ሊል ይችላል። በሌላ ወገን ደግሞ፥ ያ ሥዕል ባይኖር ኖሮ አያሌ ወጣቶች ወደ ማሠልጠኛ ቤት ባልሄዱ፥ የደቡብ ቻይናም የፍልሚያ ጥበብ ከጥቂት ሰፈሮች ባልወጣ ነበር። ፊልሙ ለዚህ ክርክር ፍርድ አይሰጥም። ግን አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል፤ ሳን ተ 36ኛውን ቤት የመክፈት መብት ያገኘው ሠላሳ አምስቱን ቤቶች ከጨረሰ በኋላ ነው። ለሕዝብ ይከፈት ያለውም ራሱ የደከመበትን ነው።

ላው ካር ሊዮንግ በ2013 በሆንግ ኮንግ ዐርፏል። የሾ ወንድማማቾች የፊልም መንደርም የቀድሞ ሥራውን ካቆመ ብዙ ዘመን አልፏል። የሕዝብን ባህል የሚያጠኑ ሊቃውንት ግን እነዚህን ፊልሞች እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ቈጥረው ቢተዉአቸው ትልቅ ምንጭ ያመልጣቸዋል። በጽሑፍ ሊገለጥ የማይችለው የሰውነት ዕውቀት፥ የእጅ አንጓው አዟዟር፥ የእግሩ አረጋገጥ፥ የትንፋሹ ልክ፥ በሐረጉ ወራሾች ገዛ ሰውነት ላይ ሆኖ በዚያ ተቀርጾ ይገኛል። መምህራኑ ባለፉ ቍጥር ይህ መዝገብ ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል።